በፀሐዩ ፀ

መርካቶ፣ ጭድ ተራ ላይ ቆሞ «በለጥሻቸውን አላውቃትም» የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ትናንት ከአውቶብስ የወረደ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ የትምህርት ቤት ግቢ፣ አንድ ትምህርት! አማርኛ ነው የምታስተምረው። ሸማ ተራ ጋቢ ዘርግታ የምትሸጠው፣ በርበሬ በረንዳ ሚዛን ላይ የቆመው፣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው፣ ግማሹ በእሷ እጅ ነው ያለፈው። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ሰኔ ላይ ጡረታ ትወጣለች። አሁንም ግን በመንገድ ስታልፍ ጺማቸው የሸበተ ነጋዴዎች ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ይሸጉጣሉ።

ባል አላገባችም፤ ልጅም የላትም። ለምን ብሎ የጠየቃት ደፋር እስካሁን አልተገኘም። በአንድ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ በፊደል። «ሦስቱም ያው ሀ አይደሉ እንዴ?» ያለ ተማሪ አለቀለት። «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ! ድምፃቸው ቢመሳሰልም ቤታቸው ለየብቻ ነው!» ትላለች ሰሌዳውን በጠመኔ እየደበደበች። ተማሪው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያንቀላፋል። ከበርበሬ በረንዳ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያስነጥስና ሐመሩም ሀሌታውም እዚያው ይቀራል።

ከልቧ የሰማቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ፀደይ ትባላለች። እናቷ ሠርኬ ሸማ ተራ ለነጋዴዎቹ የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነው ያሳደገቻት። ፀደይ አራተኛ ክፍል የገባች ቀን በለጥሻቸው ደብተሯን አየችና ስሟን በቀይ እስክሪብቶ አረመችው።

«ጸደይ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ደብተሯን አየች፣ አስተማሪዋን አየች። «ቲቸር፣ እናቴ ግን በፀሐዩ ፀ ነው ያወጣችልኝ» አለች።

በለጥሻቸው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በአሥር ዓመቷ ጸሎቱንና ፀሐዩን የምትለይ ልጅ! «እሺ፣ እናትሽ ካለች እኔ ምን አግብቶኝ» ብላ ቀዩን ሰረዘችው። ከዚያ ወዲህ ፀደይ ሰሌዳ አጥፊዋ፣ ደብተር ተሸካሚዋ፣ እስከ ሸማ ተራ ድረስም የመንገድ ጓደኛዋ ሆነች። እየሄዱ የሱቁን ታፔላ ሁሉ ያርማሉ። «ቲቸር፣ ያውና፣ ‹ሥጋ› ማለትን በእሳቱ ሰ ጻፉት!» ሁለቱም ይንከተከታሉ፤ ባለሱቆቹ ይገላመጣሉ። በለጥሻቸው «ምነው ልጅ በኖረኝ» ብላ ያሰበችው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ። ቤቱ ሲፈርስ ተማሪውም አብሮ ተበተነ፤ ሃምሳ ስምንት የነበረው ስድስተኛ ክፍል ሠላሳ ሁለት ቀረ። ለሠርኬም ከከተማው ዳር፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ዕቃቸውን በአንድ አይሱዙ ጭነው በአንድ ቀን ሄዱ። ፀደይ ደኅና ይሁኑ እንኳ ሳትላት።

አሁን ደግሞ እቅጩን እንነጋገር። ሠርኬ ከሄዱ በኋላ የልጇን መሸኛ ልትወስድ መጥታ ነበር። ያለዚያ ወረቀት አዲሱ ትምህርት ቤት አይቀበላትም፤ ወረቀቱ የሚጻፈው ደግሞ የሁሉም አስተማሪ ውጤት ሲገባ ነው። የሪከርድ ክፍሉ ጋሼ ይገረም «የአማርኛው ብቻ ነው የጎደለው» ብለው ወደ በለጥሻቸው ላኳት። ውጤቱ ግን አልቆ ነበር። በለጥሻቸው ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውም ትከሻዋ ላይ።

«ገና ነው ሠርኬ፣ ሰኞ ብቅ በይ» አለቻት።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ወረቀቱ ከወጣ ልጅቷ ለዘለዓለሙ ወጣች ማለት ነው፤ ካልወጣ ግን አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ትገባ ይሆናል። ይቺን ነበር የምታስበው፣ እንደ ሕፃን። ሰኞ ሠርኬ ሁለት አውቶብስ ቀይራ መጣች፤ «ሐሙስ» ተባለች። ሐሙስ አልመጣችም። ያኔ በለጥሻቸው አፍራ ውጤቱን አስገባች፣ መሸኛው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። የሚወስደው ግን ጠፋ። የሠርኬ ስልክ ሲደወልለት ዝግ ነው። ወረቀቱ ጋሼ ይገረም መሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር ተኛ። በለጥሻቸው በየጠዋቱ ስም ስትጠራ ፀደይ ዘንድ ስትደርስ ዘልላ ታልፈዋለች። ናፈቀቻት። ናፍቆቱ ብቻ በሆነ! ጥፋቱም አብሮ ያቃጥላታል።

አፕ የሚሉት ጉድ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የአይሲቲ መምህርቷ እስከዳር፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ አፏም ጣቷም ፈጣን፣ አንድ በጎ አድራጊ የሰጣቸውን አሥራ ሁለት ታብሌቶች በካርቶን ታቅፋ መምህራን ማረፊያ ገባች።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ፈተና ጨዋታ ሆነልዎት!»

«ፈተና ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ምን ሊሆን ነው?»

«ቆይ ያያሉ።»

አየች። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው በታብሌቱ ላይ አጎነበሱ፣ ጥያቄው ግድግዳው ላይ ፈካ፣ ሙዚቃው ጀመረ። የመለሰ ሰው ስሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዘገየ ወደ ታች ይወርዳል። ወይ ጉድ! ከመስከረም ጀምሮ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው የመጨረሻው ወንበር ሳይቀር ተነሥቶ ጮኸ። በለጥሻቸው ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ከታ ቆመች። በኋላ እስከዳር ውጤቱን ስታሳያት ግን ጣቷን አወጣች። እያንዳንዱ ልጅ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ፣ ልክ የሆነው አረንጓዴ፣ የተሳሳተው ቀይ። የስንት ዓመት የደብተር ክምር፣ የስንት ቅዳሜ የወገብ ሕመም፣ በአንድ ደቂቃ! «ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ገብቶኛል› ሲለኝ የኖረው ዋሽቶ ነው ለካ» አለች ቀዩን እያየች። ወዲያው ደግሞ ሐሳቧ ወደ ልጅቷ ሄደ። ፀደይ ይሄን ብታይ ምን ትል ነበር?

በሳምንቱ እስከዳር አዲስ ነገር አመጣች። በለጥሻቸው ቃላቱን በድምጿ ትቀዳለች፤ ሊንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል፤ ልጆቹ በእናትና በአባታቸው ስልክ ከፍተው ስማቸውን ያስገቡና የሰሙትን ይጽፋሉ። ቃለ ጽሕፈት በስልክ! መርካቶ መሀል ጸጥ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል? የጠመኔ መጋዘን ውስጥ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ «ፀሐይ» ብላ ስትቀዳ ከአጥሩ ውጭ አንድ ተሸካሚ «ዞር በል!» ብሎ ጮኸ። በማግሥቱ አምስት ልጆች «ጸሀይ ዞር በል» ብለው ጽፈው ተገኙ።

ልክ ነው የሚባለውን መልስ ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው እስከዳር ናት። በለጥሻቸው አላየችውም፤ ማሽን ነው፣ ያውቃል ብላ አመነች። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ መምህራን ማረፊያ ተቀምጠው ያለፈውን ሳምንት ውጤት ሲያዩ እስከዳር ቅንድቧን ሰበሰበች። ተማሪው ሠላሳ ሁለት፣ መልሱ ሠላሳ ሦስት። ከሁሉ በታች «ሸማ ተራ» የሚል ስም አለ። ከአሥር ሁለት። ሦስቱንም ሳምንት፣ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ቦታ ላይ።

«አንዱ ሥራ ፈት ነው» አለች እስከዳር። «ቻናሉ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ማንም ይገባል። የክፍላችንንም አማካይ እያወረደው ነው። ልሰርዘው?» ጣቷ ማጥፊያው ላይ ደርሷል።

«ቆይ እስኪ! ስሕተቱን ሳላይ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም» አለች በለጥሻቸው። መነጽሯን አጠለቀች።

ተከፈተ። ስምንት ቀይ መስመር። ፀሐይ። ዓመት። ኃይል። ንጉሥ። ሐኪም። ሕዝብ። ሥዕል። ሥራ። ሁሉም ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጓል። ልክ ናቸው የተባሉት «ድልድይ» እና «ጨረቃ» ብቻ ናቸው።

«ምን ማለት ነው ይሄ? ይሄ እኮ ልክ ነው!» ብላ ጮኸች። «እስኪ የአንደኛዋን አምጪልኝ!» የአንደኛዋ መጣ። ጸሀይ፣ አመት፣ ሀይል፣ ንጉስ። ሁሉም እንደ ሰኔ ሣር አረንጓዴ። የሌሎቹም እንዲያው።

እስከዳር ቀላች። «እኔ ነኝ እትዬ። ስልኩ ቀድሞ የሚያመጣልኝን ነው የጻፍኩት... ለውጥ ያለው አልመሰለኝም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ጣሪያ ይነሣ ነበር። ልጆቹም ማሽኑ የሚወደውን ፊደል በሁለት ቀን አውቀው፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጩኸቷን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውት ኖሯል! ግን ንዴቱ ጉሮሮዋ ላይ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው። ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተሳስተሻል» እያላት፣ በየሳምንቱ ከሁሉ በታች እየጣላት፣ ሐመሩን ሐ እና ፀሐዩን ፀ አለቅም ያለችው ማን ናት? ስሟን ደብቃ «ሸማ ተራ» ያለችው?

መነጽሯን አወለቀች።

«እሷ ናት» አለች። «ልጄ ናት።»

እስከዳር ግራ ገባት። ያኔ በለጥሻቸው ለማንም ያልተነፈሰችውን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ውጤቱን፣ ቦርሳውን፣ «ሰኞ ብቅ በይ» ያለችውን። ስትጨርስ እስከዳር አልፈረደችባትም፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ነው ያየችው። «የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ እኮ ዓርብ ይዘጋል እትዬ። ትምህርት ቤት ካልገባች ዓመቷ ተቃጠለ።»

«አውቃለሁ።»

«በአፑ መልእክት መላክ አይቻልም። ቻናሉ ላይ ‹ፀደይ የት ነሽ› ብለን እንለጥፍ?»

«በጭራሽ! ልጅቷ ስሟን የደበቀችው እንዳናባርራት ፈርታ ነው። ስሟን ለዚያ ሁሉ ሰው ብናወጣው ደንግጣ ዳግም አትመጣም።» በለጥሻቸው ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳች። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ስታባብል የኖረች ሴት ናት፤ መላ አታጣም። «የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ቃለ ጽሕፈት አይደለም። አድራሻ አጻጻፍ ነው።»

መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ቀዳች። «ልጆች፣ እኔ ለእያንዳንዳችሁ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ደብዳቤዬ እንዳይጠፋ አድራሻችሁን አሟልታችሁ ጻፉልኝ። ሰፈር፣ የቤት ቁጥር፣ የትምህርት ቤታችሁ ስም።» ድምጿ መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። እስከዳር «እንደገና እንቅዳው?» አለቻት። «ተይው» አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መልሱ ጎርፎ ነበር። «ጭድ ተራ፣ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት።» «በርበሬ በረንዳ፣ እማዬን ቢጠይቁ ሁሉም ያሳይዎታል።» «ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሰማያዊው በር።» ሳቀች፣ ግን ዓይኗ ወደ ታች ነው የሚሮጠው። «ሸማ ተራ» የሚለው ስም የለም። ምሳዋን ሳትበላ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ላይም የለም። አሥር ሰዓት ሲሆን መጣ።

ሰፈር፦ ቱሉ ዲምቱ። ቤት፦ ሕንፃ 214፣ አራተኛ ፎቅ። ትምህርት ቤት፦ የለኝም።

ማሽኑ የትምህርት ቤት ስም አይደለም ብሎ «የለኝም» የሚለው ላይ ቀይ ኤክስ አደረገ። በለጥሻቸው ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ለብቻዋ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ይገረም ቢሮ በር ላይ ከእሳቸው ቀድማ ነበር የተገኘችው። መሳቢያውን ከፍተው ወረቀቱን ሰጧት። «ዛሬ ክፍል የለሽም እንዴ በለጥሻቸው?» አሏት ገርሟቸው።

«አለኝ። እስከዳር ትይዝልኛለች።» በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ታማ እንኳ ቀርታ አታውቅም።

ሁለት አውቶብስ። ሠርኬ ሁለት ጊዜ በከንቱ የተመላለሰችበትን መንገድ እሷም አየችው፤ በየፌርማታው ፊቷ በኀፍረት እየጋለ። ሕንፃ 214 ደርሳ አራት ፎቅ ስትወጣ ትንፋሿ ተቆረጠ። በሩን የከፈተችው ራሷ ፀደይ ናት። ቁመት ጨምራለች፤ ከስታለች። ትጮኻለች፣ ትጠመጠምብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ልጅቷ ግን በሩን ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ እንዳሉኝ ነው እኮ የጻፍኩት» አለች። «ሁልጊዜ ቀይ ያደርግብኛል። ትምህርት ስላቋረጥኩ ደደብ ሆኜ ነው?»

በለጥሻቸው በሩ ላይ ተንበረከከች። ከጸሎት በቀር ለማንም ተንበርክካ አታውቅም። «አንቺ ልክ ነሽ የኔ ፀሐይ። አንዷንም አልተሳሳትሽም። የተሳሳትነው እኛ ነን» አለቻት። ያን ጊዜ ነው የተጠመጠመችባት።

ሠርኬ ውስጥ ሆና ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ እየቋጨች ነበር። ብድግ ብላ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻትና ተመልሳ ነጠላዋን ያዘች። ወቀሳ አልሰነዘረችም፤ እሱ ነው የባሰው። «ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ ነው እትዬ» አለች። «እኔም የአውቶብሱ ብር አጠረኝ፣ ስልኬም ጠፋ፤ ልጅቷ በጎረቤት ስልክ ነው የምትከፍተው።»

«በዝቶብኝ አልነበረም» አለች በለጥሻቸው። «ቦርሳዬ ውስጥ ነበር ሠርኬ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው የያዝኩት።»

ሠርኬ ጣቶቿ ክሩ ላይ ቆሙ። ፀደይ ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች። በመጨረሻ ሠርኬ ያለችውን ነገር በለጥሻቸው በሕልሟም አልጠበቀችውም።

«እንዲህ ከወደዷት፣ እስከ ፈተናው እርስዎ ዘንድ ትሁን። እዚያው ያስመዝግቡልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።»

የፀደይ ፊት በራ። «እማዬ እውነትሽን ነው?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ሁለት ወር ሙሉ የተመኘችው ይኸው እጇ ላይ መጣላት። ማታ ማታ አብሮ መብላቱ፣ ጠዋት ጠዋት በጭድ ተራ አብሮ መውረዱ፣ የሱቁን ታፔላ እያረሙ መሳቁ፣ ያ በር ተከፍቶ መግባቷ። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። መሸኛው እጇ ውስጥ ነው፤ አጥብቃ ስለያዘችው ጫፉ ተጨማድዷል። ያንን የተጨማደደ ወረቀት አየችው።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን ቲቸር?» ፀደይ እንባዋ መጣ።

«ሰኔ ላይ እኔም የለሁም። ሰባተኛን የምትማሪው እዚህ ነው፤ ጓደኛ የምታበጂውም እዚህ ነው። አሁን ይዤሽ ብሄድ ለእኔ ብዬ ነው የምወስድሽ። አንድ ጊዜ ለእኔ ብዬ ሁለት ወር በልቼብሻለሁ።» የወረቀቱን ጫፍ በመዳፏ አቃናች። «ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ደብተርሽን ያዢ።»

ትምህርት ቤቱ ከሕንፃው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ ፀደይ መሀል፣ አንድ እጇ በእናቷ፣ አንዱ በአስተማሪዋ። የምዝገባው ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ለፈተናው ቅጽ ሞላላት። ስሟን በጸሎቱ ጸ ሊጀምር ሲል ፀደይም በለጥሻቸውም እኩል «በፀሐዩ!» አሉት። ሳቀና አስተካከለው።

«እርስዎስ እናቴ፣ ምኗ ነዎት?» ብሎ በለጥሻቸውን ጠየቃት ብዕሩን ይዞ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሳታስብ የምትመልሰው ጥያቄ ነበር። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት።

«አስተማሪዋ ነበርኩ» አለች።

ክፍሉ በሩ ክፍት ነበር። አዲሷ አስተማሪ ፀደይን ትከሻዋን ይዛ አስገባቻት፣ መሀል ረድፍ ላይ ቦታ ሰጠቻት። ከጎኗ ያለችው ልጅ ቶሎ ብላ ወንበሩን ሳብ አደረገችላት፣ የሆነ ነገርም በጆሮዋ አለቻት። ፀደይ ሰሌዳውን እያየች ደብተሯን ከፈተች። ወደ በሩ ዞራ አላየችም። በለጥሻቸውም ልጅቷ እንዳትዞር ነበር የምትለምነው፤ ዞራ ብታያት ኖሮ ገብታ፣ እጇን ይዛ፣ ይዛት በወጣች ነበር።